አባቴ የማለበት ዕድሜ

ባለፈው ሳምንት እህቴን ጥሩወርቅን ለዓይን ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ልሸኛት ከላሊበላ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስንወርድ፣ የሚኒባሱ ሬዲዮ አንጀቴን አሳረረው። ዜና አንባቢው የእህል ዋጋ እንደሚያነብ ሰው በቀዘቀዘ ድምፅ፣ የአየር መንገድ አብራሪዎች የጡረታ ዕድሜ ከስድሳ አምስት ወደ ስድሳ ሰባት ከፍ ይበል የሚል ክርክር በዓለም ዙሪያ መነሳቱን፣ ምክንያቱም የአብራሪ እጥረት መሆኑን፣ የዛሬ ሰው ጤናው ስለተሻለ ዕድሜ ብቻውን መለኪያ ሊሆን አይገባም የሚሉ መኖራቸውን አነበበና ወደ ስፖርት አለፈ። እኔ ግን አላለፍኩም። «አቁመው!» ብዬ ጮህኩ። ሹፌሩ መኪናውን ያልኩት መስሎት ዳር ይዞ ቆመ። «ሬዲዮውን ነው ያልኩህ!» አልኩት። ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «ምን ነካህ ሞጌ? ሰው ፊት?» አለችኝ። ታላቄ ናት፤ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቢቀረኝም ዛሬም እንደ ልጅ ትቆጣኛለች።

ምን እንደነካኝ እሷም ታውቃለች። አርባ ዓመት ገደማ አውሮፕላን ሳበር ኖሬ አንድ ጠዋት ከረባቴን አስሬ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ቢሮ ስደርስ፣ የልጄ እኩያ የሚሆን የአስተዳደር ሠራተኛ አንድ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎኝ ነበር። እንኳን ደስ አለዎት! «ዛሬ ስድሳ አምስት ሞልቶዎታል ካፒቴን። ከእንግዲህ መንገደኛ ጭነው አንድ ሰዓት እንኳ መብረር አይችሉም። ሕግ ነው። ለደኅንነት ነው።» የሐኪም ምርመራውን ካለፍኩ ገና ወር አልሞላኝም። ሐኪሙ ራሱ ልቤን አዳምጦ «ይህን ልብ ለእኔ ቢሰጡኝ» ብሎ ቀልዶብኛል። እንዲያም ሆኖ ደኅንነት ነው ተባልኩ፣ ፈርሜ ወጣሁ። ዛሬ ሰው ሲያጥራቸው ያ ደኅንነት ሁለት ዓመት ወዲያ ቢገፋ ምንም አይልም! እኔን ከወንበሬ ያነሳኝ ሕግ እንዲህ እንደ ድንኳን ካስማ የሚነቀልና ሌላ ቦታ የሚተከል ከሆነ፣ ያን ጊዜ ለምን እንደ ድንጋይ ተጫነኝ?

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ስድሳ አምስት አልሞላኝም። ስድሳ ሦስት ነበርኩ።

የተወለድኩት ብልባላ ነው። እኛ ቤት የልደት ቀን የሚያከብርም የሚጽፍም አልነበረም። ጥሩወርቅ ሰባት ዓመቷ ነበርና ታስታውሳለች፤ «ውርጭ ባቄላውን የፈጀው ጊዜ ነው፣ በጥቅምት» ትላለች፤ እሷ አዝላኝ ሰዉ ሁሉ የጠቆረውን ባቄላ ሲያይ እንደነበር ጭምር። ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ደብል መትቼ፣ ክፍል ዘልዬ፣ ጓደኞቼ ጢም ማብቀል ሲጀምሩ እኔ ለስላሳ ጉንጬን ይዤ ወልድያ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረስኩ። ወልድያ ያኔ! ልጆቹ አፍሮ አበጥረው፣ ከታች መንገድ የሚጠርግ ቤል ቦተም ለብሰው ከአውቶቡስ መናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ ሲመላለሱ ይውላሉ። እኔ የነበረችኝ አንዲት ካኪ ሱሪና ቅዳሜ ቅዳሜ ታጥባ በጠመኔ የምትነጣ ሸራ ጫማ ናት። ሻይና ቦምቦሊኖ ሃያ ሳንቲም። መናኸሪያው ጥግ አንድ ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ባለቤቱ ድምፅ ማጉያውን በራፉ ላይ ስለሚያስቀምጠው ሃያ ሳንቲም የሌለን ልጆች ግድግዳውን ተደግፈን አዲስ ዘፈን በነፃ እንሰማ ነበር። የማን ድምፅ እንደሆነ ገና በአተነፋፈሱ እንለያለን። አሁን እዚያ ጥግ ላይ መስታወት የለበሰ የባንክ ሕንፃ ቆሟል፤ ባለፈው ሳልፍ ዘበኛው ለምን ግድግዳ እንደተደገፍኩ ጠየቀኝ።

በዚያ ዓመት በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የበረራ ትምህርት ቤት ተማሪ እንደሚፈልግ ተለጠፈ። እንግሊዝኛና ሒሳብ፣ ቁመት፣ ደህና ዓይን፣ ያልተበላሸ ጥርስ። ሁሉም ነበረኝ። መጨረሻ ላይ «ዕድሜው ከአሥራ ዘጠኝ ያላነሰ» ይላል። አሥራ ሰባቴ ነው። የዕድሜ ወረቀት የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤቱ ነበር፤ የልደት ወረቀት የሌለው ሰው ወላጁ በወንጌል ምሎ ሲመሰክርለት ይጻፍለታል። ወደ ብልባላ በሚሄዱ ነጋዴዎች ለአባቴ መልእክት ላክሁ። አባቴ የተጠራበትን ሳያውቅ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና በሦስተኛው ቀን ወልድያ ደረሰ። ጋቢው አቧራ ለብሷል፤ በረባሶው አንደኛው ተበጥሶ በገመድ አስሮታል። ሻይ ቤት አስገባሁት።

«አባዬ፣ ዕድሜዬ ስንት ነው?» አልኩት።

«አሥራ ሰባት። ምነው?»

«አሥራ ዘጠኝ ነው ብለው እንዲምሉልኝ ነው የጠራሁዎ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «በምን ነው የሚያስምሉት?»

«በወንጌል።»

«ካልማልሁስ?»

«ሁለት ዓመት መጠበቅ ነዋ። ያኔ ይጠሩኝ አይጠሩኝ አላውቅም።»

አባቴ በሬ ሊሸጥ ገበያ ሲወጣ፣ ገዢው ሳይጠይቀው የበሬውን እንከን የሚናገር ሰው ነበር። እስከ ፍላቂት ገበያ ድረስ በዚህ ይሳቅበት ነበር። ሻይውን ጨርሶ፣ አፉን በጋቢው ጠርጎ ተነሳ። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ እጁን ወንጌሉ ላይ ሲያኖር ጣቶቹን አየኋቸው፤ አልተንቀጠቀጡም። ጸሐፊው ጻፈ፣ ማኅተም መታ። ደጅ ስንወጣ «ሂድ እንግዲህ። ይህን ነገር ለእናትህ እንዳታወራ» ብቻ አለኝና መንገዱን ጀመረ። አድሮ እንዲሄድ ብለምነውም አልሰማኝም።

ሄድኩ፤ ተማርኩም። ፒያሳ አንድ የእጅ ሥራው የታወቀ ልብስ ሰፊ የመጀመሪያዋን ሰማያዊ ኮቴን ሲለካኝ «ትከሻህ ገና እየሰፋ ነው ልጄ፣ ትንሽ ላስቀርልህ» ብሎ በውስጥ በኩል ጨርቅ አስተረፈልኝ። እሱ ብቻ ነው ልጅነቴን ያወቀብኝ። ከዓመታት በኋላ ረዳት አብራሪ ሆኜ በዳኮታ አውሮፕላን ላሊበላ ስመጣ ማረፊያው ሣር የበቀለበት ሜዳ ነበር፤ ክረምት ጭቃ ስለሚሆን ይዘጋል። አንዲት የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ሚዛን፣ ነፋስ የሚያሳይ አንድ ቀይ ጨርቅ። መጀመሪያ ባረፍን ቀን አባቴ ሞተሩ እስኪጠፋ ከሩቅ ጠብቆ መጣና የአውሮፕላኑን ጎን በመዳፉ ዳሰሰ። «እንደ በሬ ይሞቃል» አለ። ሌላ ምንም አላለም። እኔ ያን ጊዜ ወጣትነቱ፣ ኮቱ፣ ባርኔጣው አስክሮኝ ነበርና ፊቱን በደንብ አላየሁትም።

የጡረታዬ ዓመት ሲቃረብ እነዚያን ሁለት ዓመታት ላስመልስ ተነሳሁ። ብልባላ ሄድኩ። መሪጌታው የክርስትና አባቴን አሮጌ ዳዊት ከቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት አውጥተው ገለጡልኝ፤ በመጨረሻው ቅጠል ጥግ ላይ በቀይ ቀለም የክርስትና ስሜና የተጠመቅሁበት ዓመት ተጽፎ አገኘሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ፎቶ አነሳሁት፣ በወረቀት አስገልብጬ የቤተ ክርስቲያኑን ማኅተም አስመታሁ፣ እየሮጥኩ አዲስ አበባ ተመለስኩ። የአየር መንገዱ የሕግ ክፍል ሰውዬ ወረቀቱን አገላብጦ አየውና ቅጽ አወጣልኝ።

«ይቻላል ካፒቴን። መጀመሪያ ግን ይህን መፈረም አለብዎት» አለኝ። አነበብኩት። «ከዚህ ቀደም አባቴ በመሐላ የሰጠው ምስክርነት ሐሰተኛ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል።

«ሌላ አጻጻፍ የለውም?»

«የለውም። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት መሆን አለበት።»

ብዕሩን ይዤ ነገ ልምጣ አልኩትና ወጥቼ ለጥሩወርቅ ደወልኩ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ ማን ይጎዳል ብዬ ነበር። ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ፣ «አንተ የምታውቀው ነገር የለም» አለችኝ። «አባዬ ኸወልድያ እንደ ተመለሰ ንስሐ አባቱ ዘንድ ነው የገባው። በቀን አርባ ስግደት አዘዙት። ለሁለት ዓመት ነበር ያዘዙት፤ እሱ ግን አላቆመውም። ጉልበቱ እምቢ እስኪለው ሰገደ። ስትበር የአውሮፕላኑን ድምፅ ኸሰማ እርሻውን አቁሞ ይሰግዳል። እኔ ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ልጄን ሰማይ ላይ ያወጣሁት በሐሰት ነው፣ እንዳይወድቅብኝ ነው አለኝ። አሁን አንተ ደግሞ ዋሽቷል ብለህ ልትፈርምበት ነው?»

አልፈረምኩም። ሁለቱ ዓመት ቀረ። ጡረታ ወጣሁ፣ ላሊበላ ቤት ሠርቼ ገባሁ፣ በየማለዳው የአውሮፕላን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ስናደድ ኖርኩ። በማን እንደምናደድ እንኳ ለይቼ አላውቅም ነበር። በጸሐፊው? በሕጉ? በአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ? ሬዲዮው ያን ሁሉ ነው የቀሰቀሰብኝ።

እንግዲህ በዚህ ንዴት ውስጥ ሆኜ ነው ማረፊያው የደረስነው። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ መጥቶ አርፏል፤ ነገር ግን ደመና ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ተንሸራቶ ወርዶ ሜዳውን ሸፍኖታልና መነሻው ዘግይቷል ተባለ። ጥሩወርቅን ወንበር ላይ አስቀምጬ ስቁነጠነጥ «ካፒቴን!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ሰብለ ናት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመቶቼ ረዳት አብራሪዬ የነበረችው ልጅ። ትከሻዋ ላይ አራት መስመር አርጋለች፤ ካፒቴን ሆናለች። የዛሬውን አውሮፕላን የምታበረው እሷ ነበረች። አቀፈችኝ፣ የጥሩወርቅን ጉልበት ዝቅ ብላ ሳመች፣ ሻይ አስመጣችልን።

ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልቆየም። «ሰማሽ ጉዳቸውን?» ብዬ ጀመርኩ። የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ስለ ሬዲዮው፣ ስለ ደኅንነቱ፣ ስለ ስድሳ ሰባቱ፣ ስለ ስድሳ ሦስቱ። «አራት ዓመት ነው የሰረቁኝ! በእውነተኛው ዕድሜዬ ቢሆን አራት ዓመት! አንቺ ምስክሬ ነሽ፤ እጄ ተንቀጥቅጦ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች ሻይዋን እያየች።

«ታዲያ ስድሳ ሰባት ይሁን አትይም?»

ሻይዋን በማንኪያ ማማሰል ያዘች።

«ምነው ዝም አልሽ? ወንበሩን እንዳንይዝባችሁ ነው?»

ቀና አለች። ዓይኗ እንባ ያቀረረ መሰለኝ፤ ድምፅዋ ግን አልተሰበረም። «ካፒቴን፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? ብዙ ጊዜ ልነግርዎት አስቤ አልሆነልኝም። በመጨረሻው ዓመት እዚሁ ላሊበላ ስናርፍ፣ የመቆጣጠሪያ ማማው የነገረንን የአየር ግፊት በከፍታ መለኪያዎ ላይ ሲሞሉ ተሳስተው ሞሉት። የእርስዎ መለኪያ ከእኔው ሦስት መቶ ጫማ ከፍ ብሎ ያሳይ ነበር። ደመና ነበር፤ ከሚያስቡት በታች ዝቅ ብለን ስንወርድ ተራራው አይታይም።»

«እኔ?»

«እርስዎ። እኔ ደግሞ ማማውን ግፊቱን ይድገሙልን አልኳቸው። እርስዎ ሰምተው እንዲያርሙት ብዬ ነው። አረሙት።»

ትዝ አለኝ። እንደ ትናንት ትዝ አለኝ። «ጆሮሽን ክፈቺ እንጂ! አንድ ነገር ስንት ጊዜ ነው የሚነገርሽ?» ብያት ነበር። ካረፍን በኋላ አስተናጋጆቹ ፊት ደግሜ፣ የዛሬ ልጆች ማዳመጥ አትችሉም ብዬ ወረድኩባት። «ይቅርታ ካፒቴን» ብላኝ ሻንጣዋን አንስታ ሄደች። ፊቴን እሳት የላሰው መሰለኝ።

«አንዴ ነው?»

«ሦስት ጊዜ። ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው፤ በዘዴ አስደግሜ ነው ያለፍናቸው።»

ያን ጊዜ ስድሳ ሁለት ነበርኩ። በወረቀቱ ስድሳ አራት፣ በዳዊቱ ስድሳ ሁለት። ሐኪሙ ልብህን ስጠኝ ያለኝ ሰው ነኝ። ከኋላዬ ሰባ ሰው ተቀምጧል፤ ሕፃን አለ፣ ጸበል በጀሪካን የያዙ አሮጊቶች አሉ። ተነሳሁና ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«እርስዎን? እኔ? ካፒቴን ተሳስተዋል ብዬ?»

«አዎ! ተሳስተሃል፣ አንተ ደንቆሮ፣ ተራራ ልታስመታን ነው ብለሽ!»

«አከብርዎት ነበር።»

«ምን አክብሮት ነው ሰባ ሰው የሚገድል?»

ጥሩወርቅ ነጠላዬን ይዛ ጎተተችኝ። ስለ ግፊትና ስለ መለኪያ አንዲት ነገር አልገባትም፤ ዋናው ነገር ግን ገብቷታል። «ተቀመጥ! ኸሞት አውጥታህ ትጮህባታለህ? ማፈርስ አይገባህም?» አለችኝ። ተቀመጥኩ። አፍሬ ነበር፤ የሚወጣልኝ ግን ቁጣ ብቻ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አጠገቤ የተቀመጡትን ልጆች ሁሉ በሐሳቤ ቆጠርኳቸው። ስንቱን ይሆን ዝም ያሰኘሁት? ሲሳሳቱ እጮሃለሁ፣ ሲናገሩ እጮሃለሁ፤ ጥሩ አስተማሪ ነው ሲሉኝም እኮራለሁ።

በዚህ መሐል የሰብለ ረዳት አብራሪ መጣ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ባርኔጣውን በብብቱ ይዞ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። «ካፒቴን፣ ደመናው ተነስቷል፤ ተሳፋሪ እናስገባ ይላሉ» አላት፤ ዓይኑ ጫማዋ ላይ ነው።

«ና ልጄ፣ ተቀመጥ» አልኩት። ሰብለን ዞሬ «ንገሪው» አልኳት።

«እዚህ? ይቅር ካፒቴን…»

«እዚህ። ስሜን ጠርተሽ ንገሪው።»

ነገረችው። ሦስቱንም ነገረችው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ላብ አጠመቀኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሸክም የከበደኝ ጊዜ የለም። ስትጨርስ ልጁን ጠየቅሁት። «እሷ ብትሳሳት ትነግራታለህ?»

«አዎ ጌታዬ» አለ በቀስታ።

«ውሸት! ቀና ብለህ እያት። ዛሬ ምን አየህ?»

ባርኔጣውን እያሽከረከረ፣ «ቅድም ስናርፍ… ፍጥነታችን ከሚገባው በአሥር ኖት በልጦ ነበር። ልናገር ብዬ… ካፒቴን ያዩት መሰለኝ» አለ።

የሰብለ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ የኔ ፊት ነው። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው፣ ትንፋሿን ዋጠች። «አላየሁትም ነበር» አለች በመጨረሻ። «ሁለተኛ ስታይ ወዲያው ንገረኝ። ብቆጣም ንገረኝ።»

«እሺ።»

«አሁን ስንነሳ አንተ ነህ የምታነሳው። እኔ እጠብቅሃለሁ።»

ተነስተው ወደ በሩ ሲሄዱ ልጁ ስለ ነፋሱ አንድ ነገር ይነግራት ነበር፤ እሷም ጆሮዋን ወደ እሱ ዘንበል አድርጋ ትሰማዋለች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ንዴቴ አልበረደም፤ ይኸው እስከ ዛሬም አልበረደም። ስድሳ አምስት ነው ስድሳ ሰባት እያሉ በቁጥር የሚጨቃጨቁትን ሁሉ እዚያ ሜዳ ላይ ሰብስቤ ልጮህባቸው አሰኝቶኝ ነበር።

ጥሩወርቅ የመሳፈሪያ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች። ዓይኗ ደክሟልና ሁለቱን አብራሪዎች በጭላንጭል ነው የምታያቸው። «ሞጌ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለች፤ «ኸነዚህ ልጆች ጋር ልሂድ ወይስ ልቅር?»

በመስታወቱ አሻግሬ አየኋቸው። ልጁ እጁን እያወናጨፈ አሁንም ያወራል።

«ሂጂ» አልኳት። «ኸኔ ጋር ኸመሄድ ይሻልሻል።»